ያቺ ሦስተኛዋ ኪኒን

ቤታችን ከቴሌቪዥኑ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ፣ ከአሮጌ ቻርጀሮችና ከመብራት ደረሰኞች ጋር፣ አንድ የመድኃኒት እሽግ ነበር። ሦስት ኪኒን የሚይዝ ነው። ሁለቱ ተውጠዋል፣ አንዷ ቀርታለች። አዚትሮማይሲን 500። «ለክፉ ቀን ትሆናለች» ብዬ ነው ያስቀመጥኳት። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያች ኪኒን ነው። ነገሩ ከኤረር በር ይነሣል፣ በኖቤል ሽልማት በኩል ዞሮ ጎጃም ይደርሳል፣ ከዚያ ተመልሶ ቤቴ ይገባል። ረዘም ይላልና ታገሡኝ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰፈሬ ኤረር በር ነው። ሐረርን ለማታውቁ፦ ኤረር በር የጀጎል ግንብ የምሥራቅ በር ነው፤ ሐረሪዎች አርጎብ በሪ ይሉታል። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፤ ከጥንቶቹ አምስት በሮች አንዱ ይኸው የኛ ነው። ደጃፉ ላይ ጫት፣ ከሰል፣ ማገዶና አትክልት ይሸጣል። ከገበያው ትንሽ ወጣ ስትሉ ደግሞ መድኃኒት ቤት አታጡም።

አንድ ሰሞን ጉንፋን ያዘኝ። አፍንጫዬ ይፈሳል፣ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። አንዱ መድኃኒት ቤት ገባሁና «አቦ፣ አዚትሮ ስጠኝ» አልኩት ልጁን። ማዘዣ አልጠየቀኝም። «ባለ ሦስቱን ነው?» ብቻ ነው ያለኝ። ከፍዬ ወጣሁ። ሁለቱን በሁለት ቀን ዋጥኳቸው፣ ተሻለኝ፣ ሦስተኛዋን መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት። ያዳነኝ መድኃኒቱ መስሎኝ ነበር። ጉንፋን ግን መድኃኒት ወሰድክለትም አልወሰድክለትም በሳምንቱ ይሄዳል።

በራሴ ብቻ ቢያበቃ ባልጻፍኩ። ልጅ አለችኝ፣ አራት ዓመቷ ነው። እሷንም እንደ ራሴ ነበር የማክማት። በአንድ ዓመት ውስጥ የዚህኑ መድኃኒት ሽሮፕ ሦስት ጊዜ ገዝቼላታለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ለጉንፋን ነው። ሦስቱንም ጊዜ ያለ ማዘዣ ነው።

በአራተኛው ግን ጉንፋን አልነበረም። ጆሮዋን አመማት። ትኩሳቷ ወጣ፣ ሌሊት ጆሮዋን ይዛ ታለቅስ ጀመር። እኔ ሆዬ የማውቀውን መንገድ ሄድኩ፣ ሽሮፑን ገዛሁ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ትኩሳቱ ንቅንቅ አላለም። በአራተኛው ቀን ማለዳ ከጆሮዋ መግል መውጣት ሲጀምር እናቷ አቅፋት፣ እኔ ከኋላ እየተከተልኩ ወደ ሕክምና ሮጥን።

ሐኪሟ ጆሮዋን አይታ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች። «አባቷ፣ ይህን መድኃኒት ከዚህ በፊት ሰጥተዋት ያውቃሉ?» አለችኝ። «አዎ፣ ሦስት ጊዜ» አልኩ። «ማን አዘዘው?» ዝም አልኩ። እናቷ አየችኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ልጄ በሌላ መድኃኒት፣ በመርፌ፣ ዳነች። ሐኪሟን በኋላ ብቻዋን አግኝቼ «ያልሠራላት በኔ ጥፋት ነው ወይ?» ብዬ ጠየቅኳት። «የእርስዎ ነው ማለት አልችልም፤ አይደለም ማለትም አልችልም» አለችኝ። ይህ መልስ እንቅልፍ ነሣኝ። የተማርኩት ሳይንስ አይደለም፤ ጋዜጠኛ ነኝ። ጋዜጠኛ ደግሞ እንቅልፍ ሲያጣ ማንበብ ይጀምራል።

•••

መጀመሪያ የጠየቅኩት ቀላል ጥያቄ ነው፦ ይቺ ኪኒን ሆዳችን ከገባች በኋላ ምንድነው የምትሠራው?

ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለ። ልብስ ሰፊዎች ግራና ቀኝ ተደርድረው ስለሚሰፉ ከስፌት መኪናው ድምፅ የወጣ ስም ነው። ደንበኛ ጨርቅና ልኩን ይዞ ይመጣል፤ ሰፊው ልኩን እያየ ይሰፋል። ሕይወት ባለው በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥም እንዲህ ያለ መኪና ግርግር አለ። ሰፊው ራይቦዞም ይባላል። ዲ ኤን ኤ ዋናው መዝገብ ነው። ከእርሱ የተገለበጠ ትእዛዝ አር ኤን ኤ በሚባል ክር ላይ ሆኖ ወደ ራይቦዞሙ ይመጣል። ራይቦዞሙ ትእዛዙን ሦስት ሦስት ፊደል እያነበበ፣ አሚኖ አሲድ የሚባሉትን ቁርጥራጮች አንድ በአንድ እየቀጠለ፣ ፕሮቲን ይሰፋል። በባክቴሪያ ውስጥ በሴኮንድ እስከ 20 ቁርጥራጭ ይቀጥላል። እየተሰፋ ያለው ፕሮቲን በራይቦዞሙ ሆድ ውስጥ ባለች ጠባብ መተላለፊያ እያለፈ በወዲያኛው በኩል ይወጣል። መጠኑን ካላችሁ፣ የባክቴሪያ ራይቦዞሞችን ጎን ለጎን ብትደረድሯቸው አንድ ሚሊሜትር ላይ 50,000 ያህል ይሰለፋሉ።

አዚትሮማይሲን የሚሠራው እዚያች መተላለፊያ ውስጥ ነው። አፏ አካባቢ ሄዶ ይቀመጥና መንገዱን ያጠበዋል። የሚሰፋው ፕሮቲን ትንሽ ገፋ ይልና ይታገዳል። ፕሮቲን መሥራት ያቃተው ባክቴሪያ አያድግም፣ አይባዛም። ቴትራሳይክሊን፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ኤሪትሮማይሲን፣ ክሎራምፌኒኮል፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ ጄንታማይሲን፣ ስማቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማቸው እነዚህ ሁሉ የሚመቱት ይህንኑ ሰፊ ነው። የሚለያዩት የሚመቱበት ቦታ ነው፤ አንዱ መተላለፊያውን ይዘጋል፣ አንዱ ልኩን እንዳያነብ ያደርገዋል፣ አንዱ አሳስቶ ያስነብበዋል።

እኔን ያሳፈረኝ ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ቫይረስ ደግሞ የራሱ ራይቦዞም የለውም። የራሱን ልክ ይዞ ወደ እኛ ሕዋስ ይገባና በኛው ሰፊ ያሰፋል። እንግዲህ ለጉንፋን አዚትሮማይሲን ስውጥ መድኃኒቱ የሚቀመጥበት ቦታ ቫይረሱ ላይ የለም። ሊመታ የመጣውን ነገር አያገኘውም።

ባዶ እጁን ግን አይመለስም። በአፍንጫችን፣ በጉሮሯችንና በአንጀታችን ውስጥ ምንም ሳያደርጉን የሚኖሩ እልፍ ባክቴሪያዎች አሉ። እነሱ ራይቦዞም አላቸው። መድኃኒቱ እነሱን ያገኛቸዋል። ደካሞቹ ይሞታሉ ወይም ይዳከማሉ። ከመካከላቸው መድኃኒቱን የሚቋቋም አንድ ሁለት ካለ ግን ሜዳው ይለቀቅለታል፣ ብቻውን ይፈነጭበታል። የልጅ ጆሮ የሚያምመው ባክቴሪያ፣ ኒሞኮከስ የሚባለው፣ ከእነዚህ የአፍንጫ ጎረቤቶች አንዱ ነው። የሳምባ ምችና የማጅራት ገትርም ያመጣል። እኔ በየጉንፋኑ ሽሮፕ ስሰጥ፣ ለጆሮዋ ሕመም ይሠራ የነበረውን መድኃኒት አስቀድሜ እያደከምኩት ሊሆን ይችላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ይህን ያደረግኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። ኮቪድ በገባ በ2020 ዓለም ሁሉ አዚትሮማይሲን ሲቅም ነበር። በኋላ እንግሊዞች በሺዎች በሚቆጠሩ ሆስፒታል በተኙ ታማሚዎች ላይ ፈትነውት ለኮቪድ ምንም ጥቅም እንዳልሰጠ በ2021 መጀመሪያ ታተመ። ኮቪድም ቫይረስ ነው።

•••

ሁለተኛው ጥያቄዬ፦ በዓይን የማይታየውን ይህን ሁሉ እንዴት አወቁት? የሚል ነበር።

ራይቦዞም እንዳለ ከታወቀ ቆይቷል፤ ጆርጅ ፓላዴ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይቶ በ1955 ጽፎለታል። ያኔ ግን የታየው ነጠብጣብ ነው። እያንዳንዱ አተም የት እንደተቀመጠ ለማየት በጊዜው የነበረው መንገድ አንድ ነው፤ ነገሩን እንደ ስኳር ወይም እንደ ጨው ክሪስታል ማድረግና ኤክስሬይ መተኮስ። ራይቦዞምን ያህል ትልቅና ልፍስፍስ ነገር ክሪስታል ይሆናል ብሎ ያመነ ግን ብዙ ሰው አልነበረም።

አዳ ዮናት አመነች። በ1939 ኢየሩሳሌም ውስጥ በድህነት የተወለደች ሴት ናት። አባቷ ሲሞት ገና 11 ዓመቷ ነበር። በብስክሌት አደጋ ምክንያት አልጋ ላይ በዋለችበት ጊዜ፣ ክረምቱን ተኝተው በሚያሳልፉ ድቦች ሕዋስ ውስጥ ራይቦዞሞች በሥርዓት ተደርድረው እንደሚቀመጡ አነበበች። ድብ ውስጥ የሚደረደር ከሆነ ብልቃጥ ውስጥ የማይደረደርበት ምክንያት ምንድነው አለች። እንደ ሕልመኛ ቆጠሯት። በ1980 የመጀመሪያዎቹን ክሪስታሎች አገኘች። ዘዴዋ ቀላል ነበር፤ ክፉ ቦታ የለመደ ፍጥረት ራይቦዞሙም ጠንካራ መሆን አለበት። ስለዚህ ከፍል ውኃና ከሙት ባሕር ጨው የሚወጡ ረቂቅ ፍጥረታትን ወሰደች። ክሪስታሉ በኤክስሬዩ እየተቃጠለ ሲያስቸግራት በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዘቀዘችው። ከመጀመሪያው ክሪስታል እስከ ሙሉው ሥዕል 20 ዓመት ፈጀ።

ሙሉው ሥዕል የወጣው በ2000 ነው። ቶማስ ስታይዝና ባልደረቦቹ ትልቁን ግማሽ፣ ቬንካትራማን ራማክሪሽናንና ዮናት ደግሞ ትንሹን ግማሽ በየፊናቸው አወጡ። ራማክሪሽናን ሕንድ ውስጥ የተወለደ፣ ዶክትሬቱን በፊዚክስ ሠርቶ ወደ ባዮሎጂ የዞረ ሰው ነው፤ አሜሪካ ውስጥ መምህር ለመሆን ወደ 50 ዩኒቨርሲቲዎች አመልክቶ ሁሉም መልሰውታል። ሦስቱ በ2009 የኬሚስትሪ ኖቤልን ተካፈሉ። ሥዕሉ ያልተጠበቀ ነገርም አሳየ፤ ስፌቱን የሚሰፋው እምብርት ፕሮቲን ሳይሆን አር ኤን ኤ ራሱ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ፈጥኗል። ክሪስታል ሳያስፈልግ፣ ናሙናውን በቅጽበት አቀዝቅዞ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የማየቱ ዘዴ በ2017 ኖቤል አገኘ። የፕሮቲንን ቅርጽ በኮምፒውተር መተንበይና መንደፍ ደግሞ በ2024። የሚገርመው ይህ ሁሉ ሥዕል በነጻ ኢንተርኔት ላይ መቀመጡ ነው። ፈረስ መጋላ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ኔትወርኩ እስኪመጣ ሁለት ሻይ ጠጥቼ፣ ራይቦዞምን በስልኬ ላይ አገላብጬ አየሁት። የተጠላለፈ የጥጥ ክር ይመስላል። መተላለፊያዋ አፍ ላይ መድኃኒቱ ተቀምጧል፤ ትንሽ፣ ጠጠር የምታክል ነገር። ያቺ ናት መሳቢያዬ ውስጥ ያለችው።

ለመሆኑ መድኃኒቱ የባክቴሪያውን ሰፊ እየመታ የኛን የማይነካው ለምንድነው? ዋነኛው ምክንያት አንዲት ፊደል ናት። ሳይንቲስቶች 2058 ብለው በሚጠሯት ቦታ ላይ የባክቴሪያው ራይቦዞም «ኤ» የምትባለው ፊደል አለችው። የኛ ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ «ጂ» አለው። በሺዎች ከሚቆጠሩ ፊደላት መካከል መድኃኒቱ ይህቺን አይቶ ነው ባክቴሪያውን የሚይዘው፣ እኛን የሚያልፈው። መታወቂያ ላይ ስማችሁ በአንድ ፊደል ተሳስቶ ቢሮ ለቢሮ የተንከራተታችሁ ሰዎች አንድ ፊደል ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ።

ባክቴሪያውም ያውቃል። በአጋጣሚ ያቺን «ኤ» ወደ «ጂ» የቀየረ ባክቴሪያ መድኃኒቱን ያመልጣል። ሌላው ፊደሏን ሳይቀይር ጫፏ ላይ ትንሽ ነገር ይለጥፍባትና መድኃኒቱ እንዳይቀመጥ ያደርጋል። ሦስተኛው መድኃኒቱ ሲገባ በፓምፕ መልሶ ያስወጣዋል። ከዚህም የባሰው፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዘዴ ባክቴሪያዎች እንደ ጎረቤት ወንፊት ይዋዋሱታል።

•••

አሁን ወደ ጎጃም እንሂድ። አባቴ በወታደርነት ወደ ሐረር የመጣ የምሥራቅ ጎጃም ሰው ነው፤ ሐረር ውስጥ እንደ እኛ ያለ ቤተሰብ ብዙ ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ ክረምት ሞጣ አካባቢ ወደምትኖረው አያቴ ተወስጄ ነበር። ከእሷ የማስታውሰው ሁለት ነገር ነው፤ የቂጣዋን ሽታና ነጠላዋ ጫፍ ላይ የምትቋጥራትን ወረንጦ። ማለዳ ማለዳ በር ላይ ፀሐይ ፊት ተቀምጣ ወደ ዓይኗ የዞረውን ሽፋሽፍት በወረንጦ ትነቅላለች። አንዳንዴ «ና እስቲ የኔ ዓይን ደህና ነው፣ ያቺን አንዷን ንቀልልኝ» ትለኛለች። እጄ እየተንቀጠቀጠ እነቅልላት ነበር። ዓይነ ማዝ፣ በሐኪም ቋንቋ ትራኮማ፣ ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ ይቀለብስና በእያንዳንዱ ርግብታ ዓይን ያስፍቃል። አያቴ በመጨረሻ ብርሃኗን አጥታ ነው የሞተችው።

ትራኮማን የምታመጣው ባክቴሪያ ናት። ራይቦዞም አላት። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሁሉም በላይ የተጠቃችው አገራችን ናት፤ ከአገራችንም የአማራ ክልል ዋነኛው ነው። ለዚህ በሽታ የሚታደለው ያው አዚትሮማይሲን ነው። አምራቹ ፋይዘር ለትራኮማ አገሮች በነጻ መስጠት ከጀመረበት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ከ1 ቢሊዮን ዶዝ በላይ ለግሷል። ለሕፃናት ደግሞ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይሰጣል፤ እርሱም የሚመታው ራይቦዞምን ነው። በየቀበሌው ሰው ተሰልፎ ቁመቱ በእንጨት እየተለካ መድኃኒቱን ሲውጥ ያየ ሰው ካለ፣ ያ ሰልፍ የዮናት ክሪስታል መጨረሻው የት እንደደረሰ አይቷል።

ከአያቴ አገር ብዙም በማይርቀው በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከ2006 ጀምሮ ትልቅ ጥናት ተካሂዷል። መንደሮች በዕጣ ተከፋፈሉ፤ አንዳንዶቹ መድኃኒቱን ወዲያው አገኙ፣ ሌሎቹ ከዓመት በኋላ። ሁለት ውጤቶቹን ልንገራችሁ። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው በ2009 ታተመ። መድኃኒቱን ባገኙት መንደሮች ከ1 እስከ 9 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የደረሰው ሞት ካላገኙት በግማሽ ገደማ ያነሰ ነበር። ለዓይን የታደለው መድኃኒት የሳምባና የአንጀት በሽታንም ሳያባርር አልቀረም። የልጅ ሞት በግማሽ!

ሁለተኛው በ2010 ታተመ። በየሦስት ወሩ መድኃኒቱን በተሰጡ 12 መንደሮች የልጆች አፍንጫ ውስጥ ያለው ኒሞኮከስ ተመረመረ። ሲጀመር መድኃኒቱን የሚቋቋም ኒሞኮከስ የተገኘባቸው ልጆች 3.6 በመቶ ነበሩ። ከአንድ ዓመት በኋላ 46.9 በመቶ ሆኑ። መድኃኒቱ ባልደረሳቸው መንደሮች ግን 9.2 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ይህን ቁጥር ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ተነሣሁ። አንድ ዓመት። በየሦስት ወሩ። እኔ ልጄን ያከምኩበት ሒሳብ ከሞላ ጎደል ይሄው ነው። ልዩነቱ፣ የጎንቻ ልጆች ሲወስዱ የሚፈወስ በሽታ ነበረ፣ የዳነም ሕይወት ነበረ፤ ሐኪም ነበረ፣ መዝገብ ነበረ፣ አፍንጫቸውን የሚመረምር ሰው ነበረ። የኔ ልጅ ስትወስድ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። እነሱ ከፍለው ያተረፉትን እኛ ከፍለን ምንም አላተረፍንም።

መልካም ወሬም አለ። እድላው ሲቆም የሚቋቋሙት ባክቴሪያዎች ከጊዜ በኋላ እንደሚቀንሱ በሌላ የአገራችን ጥናት ታይቷል። የትራኮማዋ ባክቴሪያም እስካሁን በተደረጉ ጥናቶች ይህን መድኃኒት ስትቋቋም አልተገኘችም። ማለትም ፊደሉ ገና አልጠፋም። መድኃኒቱ ሲያርፍ ኃይሉ ይመለስለታል። የሚያሳዝነው፣ ይህን ለዓለም ያስተማሩት የኛ ልጆች አፍንጫዎች ሆነው ሳለ፣ እኛ ወሬውን አለመስማታችን ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው።

•••

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ የሚለኝ ይሰማኛል፦ «ዋርያ፣ አንተ ስልክህ ላይ ራይቦዞም እያገላበጥክ ለማውራት ይመችሃል። ጤና ጣቢያ ሄዶ ግማሽ ቀን መሰለፍ የማን ጊዜ ነው?»

እውነት ነው። በኤረር በር በኩል ማገዶ ተሸክማ የምትገባ ሴት ልጇ ቢያስለው፣ ሰልፍ ስትጠብቅ ከዋለች የዚያን ቀን እራት የለም። መድኃኒት ቤቱ ግን መንገዷ ላይ ነው፣ አምስት ደቂቃ ነው፣ «ውሰጂ እናቴ» የሚል ትሑት ልጅ አለበት። አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ አይሸጥ የሚለው ደንብ አለ፤ ደንቡን የሚያስቀር ሕይወትም አለ። እሷን ለመውቀስ አፍ የለኝም። እኔ ግን ጊዜ ነበረኝ፣ ማንበብም እችላለሁ። ስንፍናዬን በድህነቷ መሸፈን አልችልም።

«አዲስ መድኃኒት ይመጣል» የሚልም አለ። ይመጣል። የራይቦዞሙ ሥዕል የጠቀመው ለዚህም ነው። በ2024 ሃርቫርድ ያሉ ኬሚስቶች ሥዕሉን እያዩ ክሬሶማይሲን የሚባል ሞለኪውል ሠርተዋል፤ ያቺ ፊደል ጫፍ ላይ የሚለጠፈው ነገር እንኳ አያግደውም። በ2025 ደግሞ ካናዳ ውስጥ ሃሚልተን ከተማ ከአንድ ቤት ጓሮ በተወሰደ አፈር ውስጥ ላሪዮሲዲን የሚባል ነገር ተገኘ፤ ራይቦዞሙን እስከ ዛሬ ሌላ መድኃኒት በማይነካው ቦታ ይመታል። የአዚትሮማይሲን እናት የሆነው ኤሪትሮማይሲንም በ1949 ከፊሊፒንስ ከተላከ አፈር ነው የተገኘው። ከአፈር ብዙ ይወጣል፤ ምናልባት ከኛም ጓሮ። ነገር ግን ከጓሮ እስከ ኤረር በር መድኃኒት ቤት ያለው መንገድ በዓመታት የሚቆጠር ነው፣ ብዙዎቹም መንገድ ላይ ይቀራሉ። አዲሱ ሲደርስ ዋጋው እንደ አሮጌው በኪሳችን ልክ ይሆናል ብሎ የሚያምን ካለ እርሱ ከኔ የተሻለ ተስፈኛ ነው። ላንሴት ላይ በ2022 በወጣ ትልቅ ግምት መሠረት፣ በ2019 ብቻ መድኃኒትን በተላመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከሁሉም ክፉኛ የተጎዳው ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ነው። እጃችን ላይ ያለው ርካሹና የሚሠራው መድኃኒት ሀብታችን ነው። የጋራ ነው። አንዱ ቤት የባከነው ከሌላው ቤት ልጅ ጆሮ ላይ ይቀነሳል።

እንዳትሳሳቱብኝ። አንቲባዮቲክ አትውሰዱ እያልኩ አይደለም። ሐኪም አይቶ ሲያዝ ውሰዱ፣ እንደታዘዘው ጨርሱ። ጎንቻ ላይ ልጆችን ያተረፈው፣ አያቴ ዘመኑ ቢደርስላት ኖሮ ዓይኗን ሊያተርፍላት ይችል የነበረው፣ ይኸው መድኃኒት ነው። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ራይቦዞም በሌለው ነገር ላይ አትተኩሱት።

ሦስተኛዋን ኪኒን ለልጄ ክትትል በሄድንበት ቀን ይዣት ሄድኩና ለፋርማሲ ባለሙያዋ ሰጠኋት። ተቀብላ ፈገግ አለች፤ «ይህን የሚመልስ ሰው ብዙ አይመጣም» አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ልጄን ጉንፋን ያዛት። ማታ በኤረር በር በኩል ወደ ቤት ስገባ ያ መድኃኒት ቤት ክፍት ነበር፤ ልጁም አውቆኝ እጁን አነሣልኝ። እግሬ ቆም አለ፣ ውሸት ምን ያደርጋል። የልጅ ሳል ሌሊት ሲሰማ አንጀት ይበላል፤ «ምንም አላደረግኩላትም» የሚለው ስሜት ከሳሉ ይብሳል። ሰላምታውን መልሼ አለፍኩ። እናቷ ሞቅ ያለ ውኃ ስታጠጣት፣ እኔ ትኩሳቷን ስለካ፣ አተነፋፈሷን ሳይ አደርን። ትኩሳቱ ቢጨምር ወይ ትንፋሿ ቢፈጥን ወዴት እንደምንሮጥ ተስማምተን ነበር።

ሦስት ቀን አስነጠሰች። በአራተኛው ቀን ተነሥታ ከጎረቤት ልጆች ጋር ግቢው ውስጥ ስትሯሯጥ አገኘኋት።

ቸር ይግጠመን።